ነጭ ሽንኩርት መላጥ ሰልችቷችኋል? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

መሳቢያዬ ውስጥ ለነጭ ሽንኩርት ብቻ ተብለው የተገዙ ስድስት ዕቃዎች አሉ። የምጠቀመው በሁለቱ ነው። አንዱ እጀታው የተሰበረ መጭመቂያ ነው። አንዱ በገመድ እየተሳበ የሚከትፍ ቾፐር፣ ገመዱ የተበጠሰ። አንዱ ደግሞ ስልክ ላይ ቪዲዮ አይቼ የገዛሁት የሲሊኮን ቱቦ። ቪዲዮው ላይ ሴትየዋ ሦስት ፍሬ ከታ፣ በመዳፏ ወዲህ ወዲያ አንከባላ፣ ልጣጩ ለብቻ ነጩ ለብቻ ሆኖ ዱብ ዱብ ሲል አይቼ አላስቻለኝም። ቤት አምጥቼ ሞከርኩት። ምንም። ፍሬዎቹ እንደገቡ ወጡ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቪዲዮው ላይ ያለው ነጭ ሽንኩርትና እኔ ከሰፈር ጉልት የገዛሁት ነጭ ሽንኩርት አንድ አይደሉም። የሐበሻው ፍሬው ደቃቅ ነው። ልጣጩ ስስ ነው፣ ከፍሬው ጋር ሙጭጭ ብሎ የተጣበቀ። መሃል ላይ ያሉት ፍሬዎች የባቄላ ፍሬ እንኳ አያክሉም። ከውጭ የሚመጣው ትልቁ ግን አንዱ ፍሬ አውራ ጣት ያክላል፣ ልጣጩም ደረቅና ልቅ ነው። ከዓለም ነጭ ሽንኩርት አብዛኛውን የምታመርተው ቻይና ናት፣ ገበያ ላይ የምናየው ዕቃም በአመዛኙ የተሠራው ለዚያ ዓይነቱ ትልቅ ፍሬ ነው። ስለዚህ ዕቃው መጥፎ ላይሆን ይችላል። ለእናንተ ነጭ ሽንኩርት አልተሠራም፣ በቃ። ውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ሱቅ ውስጥ የምታገኙት ያንኑ ትልቁን ስለሆነ፣ እኔ እዚህ የማጣጥለው ዕቃ ለእናንተ ጥሩ ሊሠራ ይችላል።

ሌላው ጥያቄ ብዛቱ ነው። ለዕለት ሽሮ ሦስት አራት ፍሬ ይበቃል። በርበሬ ሲዘጋጅ ግን ነጭ ሽንኩርቱ የሚገዛው በኪሎ ነው። ለሦስት ፍሬ የሚሆን ዕቃ ለሦስት ኪሎ አይሆንም፣ ለኪሎ የሚሆነውም ሦስት ፍሬ ሲገባበት ዳር ዳር ላይ ለጥፎ ያስቀምጠዋል። «ለሁሉም የሚሆን» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትመኑት።

መጀመሪያ መላጡ

ብዙ ሰው ዕቃ ፍለጋ የሚወጣው መላጡ አሰልችቶት ነው። እውነቱን ለመናገር ለመላጥ የሚሆን ጥሩ ዕቃ ብዙ የለም። ዘዴው ይበልጣል።

ለሁለት ሦስት ፍሬ ቢላዋ ይበቃል። ሥሩ የነበረበትን ጠንካራውን ጫፍ ቁረጡ። ፍሬውን መክተፊያ ጣውላው ላይ አስተኙት። የቢላዋውን ጎን ላዩ ላይ አድርጉና በመዳፋችሁ ጫን በሉት። «ቀጭ» ሲል አቁሙ። ከዚያ በላይ ከተጫናችሁት ይደቅና ልጣጩ ከፍሬው ጋር ይለወሳል፣ ያኔ በጥፍር መልቀም ነው። ስለቱ ትንሽ ወደ ጣውላው ዘንበል ይበል፣ ወደ እጃችሁ አይቅና። ቢላዋችሁ ስስና የሚጎብጥ ከሆነ በእሱ አትሞክሩ፤ የትንሽ መጥበሻ ቂጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ነጩ የሴራሚክ ቢላዋ ካላችሁ ደግሞ በጎኑ እንዳትመቱበት። ይሰነጠቃል።

የሲሊኮን ቱቦውን አስቀድሜ ሰደብኩት፣ ግን ፍርድ ላለማጓደል ያህል፦ ትልቅና ደረቅ ነጭ ሽንኩርት ላይ ይሠራል። ሦስት ወይ አራት ፍሬ ከታችሁ፣ ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ስታንከባልሉት ውስጡ ሲንኮሻኮሽ ይሰማችኋል። ያ ድምፅ ልጣጩ ሲሰነጠቅ ነው። ድምፁ ካልተሰማ ወይ ፍሬው እርጥብ ነው፣ ወይ ደቃቅ ሆኖ ቱቦው አልጨበጠውም። እርጥብ ቱቦም አይሠራም። ልትገዙ ካሰባችሁ ሁለት ሦስት ፍሬ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሞክሩት። ባለሱቁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ሁለት ጎድጓዳ የብረት ሳህን ገጥሞ መናጥ የሚባልም አለ። ፍሬዎቹን ፈልቅቃችሁ በአንዱ ሳህን ትከታላችሁ፣ ሌላውን ትደፉበታላችሁ፣ ከዚያ እንደ እብድ ሰላሳ ሰከንድ ያህል መናጥ ነው። እዚህም ደረቅና ትልልቅ ፍሬ ያስፈልጋል። በሐበሻው ስሞክር ግማሽ ያህሉ ተልጦ ግማሹ እንደነበረ ይወጣል፣ ያም ቢሆን ግማሽ ሥራ ነው፣ አልንቀውም። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ግን ማታ አትሞክሩት። እኔ አራተኛ ፎቅ ሆኜ ሞክሬው ከታች ያሉት ሰውዬ ሊጠይቁኝ መጥተው ያውቃሉ።

ለሐበሻው ነጭ ሽንኩርት፣ በተለይ ሲበዛ፣ ከሁሉም የሚሻለው እናቶቻችን የሚያደርጉት ነው። ውሃ። ራሱን ፈልቅቁና ፍሬዎቹን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ዘፍዝፉ። ልጣጩ ውሃ ጠጥቶ ይለሰልስና ከፍሬው ይለቃል። ከዚያ ጫፉን በትንሽ ስል ቢላዋ ቆረጥ አድርጋችሁ ስትጫኑት ሙልጭ ብሎ ይወጣል። ውሃው ለብ ያለ ይሁን እንጂ አይፋጅ። ለምን እንደሆነ ወደታች እነግራችኋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱ ለበርበሬ ከሆነ ደግሞ ከላጣችሁ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ላይ አስጥታችሁ ውሃው ጠፈፍ ይበልለት። በርበሬው ውስጥ አላስፈላጊ ውሃ ይዞ እንዳይገባ።

ማይክሮዌቭ ውስጥ አሥርና አሥራ አምስት ሰከንድ ማስገባትም ልጣጩን ያላቅቃል። ግን ትንሽ ይበስላል፣ ኃይሉም ይቀንሳል። ለወጥ ችግር የለውም። ለአዋዜ አላደርገውም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገራችሁ፣ ጓንት። ከተዘረዘረው ዕቃ ሁሉ ርካሹና ጠቃሚው እሱ ነው። የዛሬ ጥቂት ዓመት ቤት ውስጥ በርበሬ ሲዘጋጅ «እኔ እልጣለሁ» ብዬ ጀግና ሆንኩ። ሁለት ኪሎ ገደማ ነው። በባዶ እጄ፣ በጥፍሬ። መጀመሪያ አውራ ጣቴ ሞቅ አለኝ፣ ደስ የሚል ዓይነት ሙቀት ነው፣ ሥራ ያሞቀኝ መስሎኝ ቀጠልኩ። ማታ ላይ ጥፍሬ ሥር እሳት ሆነ። በማግስቱ ቆዳው ተላጠ። እናቴ አይታ «ነጩን ልጥ ብንልህ ራስህን ላጥክ» አለችኝ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ቀልድ አይደለም። ጓንት ከሌለ ጣታችሁን ዘይት ቀባ አድርጉ፣ ትንሽ ያግዛል።

መክተፍ፣ መጭመቅ ወይስ መውቀጥ?

ዕቃው ጣዕሙን ይቀይረዋል፣ ይህን ብዙ ሰው ልብ አይልም። ያልተነካ ነጭ ሽንኩርት አፍንጫችሁ ሥር ብታደርጉት ብዙም አይሸትም። ሲሰበር ነው የሚሸተው። ውስጡ አሊን የሚባል ነገርና አሊኔዝ የሚባል ኢንዛይም ተለያይተው ተቀምጠዋል። ፍሬው ሲደቅ ሁለቱ ይገናኙና አሊሲን የሚባለውን ይፈጥራሉ። አፍንጫችሁን የሚሰነፍጠው እሱ ነው። ይህን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለይተው ያወጡት ካቫሊቶና ቤይሊ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1944 ነው። ለወጥ ቤት የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፦ የበለጠ በደቀቀ ቁጥር የበለጠ ይሰነፍጣል። ሙቀት ደግሞ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ቅድም የሚፋጅ ውሃ አትጠቀሙ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ስለዚህ ለጥብስ የምትፈልጉት ለስለስ ያለ ጣዕም ከሆነ በቢላዋ ስስ ስስ አድርጎ መቁረጥ በቂ ነው። ለአዋዜ፣ ለዳጣ፣ ለድልህ ግን መውቀጥ ወይ መፍጨት አለበት። የደቀቀው ደግሞ ድስት ውስጥ ቶሎ ያርራል። ቁሌቱ ሳይደርስ ከጨመራችሁት፣ ዘይቱም ከጋለ፣ ዞር ብላችሁ ስትመለሱ ቡናማ ሆኖ መሯል። ቀይ ሽንኩርቱ ከበሰለ በኋላ ጨምሩ።

ቢላዋ። አንድ ጥሩ ቢላዋ ያለው ሰው ለዕለት ምግብ ሌላ ዕቃ አያስፈልገውም፣ ይህ የእኔ አቋም ነው። ስለቱ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የምላጩ ወርድ ሰፋ ያለ፣ ስትይዙት ከበድ የሚል። ጎበጥ ማለቱ ጫፉን ጣውላው ላይ አስደግፋችሁ ከኋላ ከፍ ዝቅ ስታደርጉት እንዲወዛወዝ ነው። ከተፍ ከተፍ ካደረጋችሁ በኋላ ቆንጠር አድርጋችሁ ጨው ነስንሱበት። ጨው ሲገባበት አይንሸራተትም፣ ውሃውንም ያወጣዋል፣ ከዚያ በቢላዋው ጎን ጣውላው ላይ ስታሹት ሊጥ ይመስላል። የወጡን ጨው ስትጨምሩ ግን ያቺን ጨው አትርሷት። ቢላዋው ከደነዘ ደግሞ አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት ስኒ ገልብጡና ቂጡ ላይ ባለው ሻካራ ቀለበት ሳሉት። ለዛሬ ያደርሳችኋል።

መጭመቂያ። በመቆንጠጫ ዓይነት እጀታ እየጨበጡ በቀዳዳ የሚያወጡት ነው። መጭመቂያው ሲነሳ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሠራው የዚሊስ ድርጅት መሥራች የካርል ዚሰት ስም አብሮ ይነሳል። ሰውየው ስዊዘርላንዳዊ የብስክሌት መካኒክ ነበር። እጀታውን ስትጨብጡ የብስክሌት ፍሬን የያዛችሁ ቢመስላችሁ አይገርምም።

መጭመቂያ ስትገዙ ማየት ያለባችሁ ውበቱን አይደለም። ክፈቱትና የሚጫነውን ክፍል ከነቀዳዳው ቋት ጋር ገጥማችሁ ወደ ብርሃን አዙሩት። በሁለቱ መካከል ዙሪያውን ሰፊ ክፍተት ካለ መልሱት። ነጭ ሽንኩርቱ በቀዳዳው መውጣት ሲገባው በዚያ ክፍተት ወደ ላይ ይመለሳል፣ እናንተ ትጨምቃላችሁ፣ እሱ ጎንና ጎን እየተለጠፈ ይቀራል። የኔው መጀመሪያ የገዛሁት እንደዚህ ነበር። አምስት ፍሬ ከትቼ የሁለቱን ያህል ነው ያገኘሁት። ቀጥሎ ማጠፊያውን እዩ፣ ሁለቱ እጀታዎች የሚገናኙበትን ምስማር። እጀታውን ወደ ጎን ስታወዛውዙት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አይቆይም። ቀላል የአሉሚኒየም ከሆነ እጀታው ይጎብጣል ወይም ይሰበራል፤ ከበድ ያለ ስቴንለስ ይሻላል። እጀታው ረዘም ሲል ደግሞ ጉልበት አይጠይቅም፣ እጃቸውን ለሚያማቸው እናቶች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቋቱ ወጥቶ ወይም ተገልብጦ የሚታጠብ ከሆነ ጨምራችሁም ቢሆን ግዙት።

አንዳንዱ «ሳይላጥ ይከተት» ተብሎ ይሸጣል። እውነት ነው፣ ሳይላጥ ቢገባም ፍሬው በቀዳዳው ይወጣና ልጣጩ ቋቱ ውስጥ ይቀራል። ትልቅ ፍሬ ላይ ያዋጣል። የሐበሻው ደቃቅ ላይ ግን ከልጣጩ ጋር የሚቀረው ያሳዝናል። እና እባካችሁ፣ ከተጠቀማችሁ በኋላ ወዲያው እጠቡት። ካደረ ቀዳዳው ውስጥ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ ያኔ በጥርስ መፋቂያ አንድ በአንድ ነው።

መፈቅፈቂያ። የካሮት መፈቅፈቂያ ደቃቁ ጎኑ ለሁለት ፍሬ ይሠራል። ማይክሮፕሌን የሚባለው ረጅም ስስ ዓይነት ደግሞ ሲጀመር የእንጨት ሞረድ ነበር፣ አሜሪካ አርካንሳ ውስጥ ለአናጢዎች ተሠርቶ ኋላ ነው ወጥ ቤት የገባው። እንደ ቅባት አልሞ ያወጣል። ችግሩ ፍሬው ሲያልቅ የጣታችሁ ተራ መድረሱ ነው። ደቃቅ ፍሬ ባለበት አገር ያ ተራ ቶሎ ይደርሳል። ለዝንጅብል ግን ግሩም ነው።

ሙቀጫ። እዚህ ላይ ላዳላ ነው። ከስድስቱ የምጠቀመው በሁለት ነው ያልኳችሁ፣ አንዱ እሱ ነው። ሌላው ወደታች አለ።

ሙቀጫ ነጭ ሽንኩርትን አይቆርጥም፣ ይሰብራል። ከዝንጅብል ጋር፣ ከጥቁር አዝሙድ ጋር፣ ትንሽ ጨው ታክሎበት ሲወቀጥ ሁሉም እርስ በርሱ ይገባል። መብራት አይፈልግም። መብራት ሄዶ ብሌንደሩ ተጎልቶ በሚያያችሁ ቀን ትመርቁታላችሁ።

ስትመርጡ ክብደቱን እዩ። ሲወቀጥበት የሚሸሽ ሙቀጫ ሙቀጫ አይደለም። ጥልቀት ይኑረው፣ አለዚያ ፍሬው በመጀመሪያው ምት ዘሎ ምድጃው ሥር ይገባል። ውስጡ እንደ መስታወት የለሰለሰ ከሆነም ፍሬው ይንሸራተታል፣ ትንሽ ሻከር ይበል። የእንጨት ከሆነ ጠጣር እንጨት ይሁን፣ ወይራ ከተገኘ እሰየው፤ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ስንጥቅ እንደሌለው አረጋግጡ፣ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ነጭ ሽንኩርት መቼም አይወጣም። የነሐስ ከሆነ ሎሚና ኮምጣጤ ያለበትን ነገር አታሳድሩበት። ዘነዘናውን በእጃችሁ ጨብጡት። ጫፉ ከሙቀጫው ወለል ጋር የሚገጥም ድቡልቡል ካልሆነ ዳር ዳሩን እየሳተ ያደክማችኋል።

አወቃቀጡም ዘዴ አለው። በመጀመሪያ አትምቱት። ዘነዘናውን ፍሬው ላይ አድርጋችሁ በጉልበት ተጫኑትና አዙሩት። ሲሰነጣጠቅና ጨውን ሲይዝ ነው መውቀጡ የሚጀመረው። በአንድ እጅ አፉን ከለል አድርጉ። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ጨርቅ አራት እጥፍ አጥፋችሁ ከሥሩ አንጥፉ፣ ለታችኛው ጎረቤት ሲባል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ የቡና ሙቀጫውን እንዳትነኩ። አንዴ ወንደላጤ ሆኜ ሳይሆን፣ ገና እናቴ ቤት እያለሁ፣ የነጭ ሽንኩርቱ ሙቀጫ ከፊቴ ስላልነበረ በቡናው ወቅጬ፣ አጥቤ፣ ቦታው መለስኩት። ማንም አያውቅም ብዬ። ከሰዓት ቡና ተፈላ። ጎረቤታችን መጣች። አንዴ ፉት አለች፣ ስኒውን አየችው፣ እንደገና ፉት አለችና እናቴን «ዛሬ ምን ጨምረሽበት ነው? ጤና አዳም አይደለም መቼም» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ መስኮቱን አየሁ። እንጨት ሽታ ይጠጣል፣ ያ ሙቀጫ ወደ ቡና አልተመለሰም። ለራሱ ለነጭ ሽንኩርት ብቻ የሚሆን ሙቀጫ ይኑራችሁ። አዲስ ሲገዛ ደረቅ ጨው ወቅጣችሁ አፍስሱ፣ የእንጨቱን ብናኝ ያወጣል። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ አታሳድሩት፣ ይሰነጠቃል። ለቅለቅ አድርጎ ጥላ ላይ ማድረቅ ነው።

ድንጋዩ ወፍጮና መጅ ያላችሁ ቤቶች ለድልህ እሱን የሚተካ የለም፣ ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ማንበብም አያስፈልጋችሁም።

ቾፐር። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ክዳኑ ላይ ባለች ገመድ እየተሳበ የሚሽከረከረው ነው። ሁለተኛው የምጠቀምበት ዕቃ ይህ ነው፣ ሁለተኛ ግዢዬ ማለቴ ነው፣ የመጀመሪያውማ ገመዱ ተበጥሶ መሳቢያ ውስጥ አለ። የተበጠሰበትም ምክንያት የእኔ ጥፋት ነው። ክዳኑን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ አጥብ ነበር። ገመዱና ጥርሱ ያሉት ክዳኑ ውስጥ ስለሆነ ውሃ ከገባ ይሻግታል፣ ይዝጋል፣ ይበሰብሳል። ክዳኑ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ አይዘፈዘፍም። ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን አሥር ጊዜ ሳቡት። በየጊዜው ራሱ ወደ ቦታው ሙሉ በሙሉ ካልተመለሰ ሌላ ይስጧችሁ። ገመዱን ወደ ጎን ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡ እንጂ ወደ ላይ አትጎትቱት። ሥሩ ጎማ ያለው ይሻላል፣ ካልሆነ እርጥብ ጨርቅ አንጥፉበት።

ይህ ዕቃ ጥሩ የሚሆነው ከአንድ ራስ በላይ ሲሆን ነው። ምላጩ እስኪሸፈን ድረስ ካልገባበት ፍሬው ዳር ላይ ይለጠፋል። ዝንጅብል አብራችሁ ከከተታችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ቃጫውን በአግድም ስስ ስስ አድርጋችሁ ቁረጡት። አለዚያ ቃጫው ምላጩ ላይ ይጠመጠማል፣ ገመዱም እዚያ ላይ ነው የሚሞተው።

የኤሌክትሪኩ ቾፐር ለበዓል ሰሞንና ለትልቅ ቤተሰብ ነው። ሳታቋርጡ አታስኪዱት። ጫን ለቀቅ፣ ጫን ለቀቅ። ትንንሾቹ ሞተራቸው ቶሎ ይግላል። ምላጩ ሲታጠብ ተጠንቀቁ፣ ሳሙና ያለው ውሃ ውስጥ ጥላችሁ እጃችሁን በጭፍን አትስደዱ።

ብሌንደር ማለትም ጁስ መፍጫው፣ ነጭ ሽንኩርት ይፈጫል፣ ግን ዘይት ወይ ውሃ ካልጨመራችሁበት አይዞርም። ለበርበሬና ለብዙ ሥራ እሺ። ሽታው ግን ክዳኑ ጎማ ውስጥ ይቀራል፣ የአቮካዶ ጁሳችሁ ይነግራችኋል። ጎማውን አውጥታችሁ ለብቻው እጠቡት፣ ከተቻለም ሁለት ጆግ ይኑራችሁ።

ብዙ ፈጭቶ ማስቀመጥ

ዕቃ የሚገዛው ብዙ ሰው ሐሳቡ አንዴ ፈጭቶ ለወር መገላገል ነው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን አንድ አደገኛ ልማድ አለን። የተፈጨውን ዘይት አልብሶ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ። አታድርጉት። ዘይቱ አየር ይከለክላል፣ አየር የሌለበት ቦታ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚባለውን አደገኛ የምግብ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ የሚመቸው ነው። መርዙ ሽታም ጣዕምም ላያሳይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1985 ካናዳ ቫንኮቨር ውስጥ በርካታ ሰዎች የታመሙት በዘይት ተዘፍዝፎ ከማቀዝቀዣ ውጪ በተቀመጠ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ነው።

ስለዚህ በዘይት የተፈጨው ፍሪጅ ውስጥ ይግባ፣ ከአራት ቀንም አይለፍ። ከዚያ በላይ የምታቆዩት ከሆነ ፍሪዘር። እኔ ስስ ፌስታል ውስጥ አድርጌ እንደ ቂጣ ጠፍጠፍ አድርጌ ነው የማስቀምጠው፣ ስፈልግ ከዳሩ ቆረስ አድርጌ ቀጥታ ድስት ውስጥ። የበረዶ መሥሪያ ፕላስቲክም ይሆናል፣ ግን ያ ፕላስቲክ ከዚያ በኋላ ለበረዶ አይሆንም። መብራት ረጅም ሰዓት ጠፍቶ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ቀልጦ ሞቅ ብሎ ካገኛችሁት አትሳሱለት፣ ጣሉት።

የተፈጨው አረንጓዴ ወይ ሰማያዊ ሆኖ ካገኛችሁት ግን አትደንግጡ። ሻግቶ አይደለም። የነጭ ሽንኩርቱ የድኝ ውሕዶች ውስጡ ካሉ ሌሎች ነገሮች ጋር ሲዋሐዱ የሚመጣ ቀለም ነው፣ በተለይ ሎሚ ወይ ኮምጣጤ ሲነካው። ይበላል። ጸጉራም ነገር ከበቀለበት ያ ሌላ ነው።

ለእጅ ሽታ የሚሸጥ የብረት ሳሙና የሚባል ነገር አለ፣ ከስድስቱ ዕቃዎቼ አንዱ። ማንኪያ ነው በሉት፣ ቅርጹን ቀይሮ። እኔ የተጨመቀ ሎሚ ቅርፊት ላይ ጨው ነስንሼ ጣቴን አሽበታለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ እታጠባለሁ። ጣታችሁ ላይ ጭረት ካለ ግን ሎሚውን ተዉት፣ ትጮሃላችሁ።